በጁባ ለሚኖሩ ልጆች፤ የአረጋውያን ወላጆችን መድኃኒት ስለ መጠበቅ

ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ ተነሥተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ፣ አንዳንዶቹም የቀረ ዘመናቸውን በልጅ ልጆቻቸው መካከል ሊያሳልፉ ወደ ጁባ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። ሁለት ሰዓት ያህል በሚፈጅ በረራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ከሚያልፈው ደጋ፣ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ወዳለው ወደ ነጭ ዓባይ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ በሻንጣቸውም ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው፣ ከነጠላውና ከመቁጠሪያው ጋር በፌስታል የተቋጠረ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት ይገኛል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያን ፌስታል ከወላጁ እጅ ተቀብሎ በኃላፊነት ለሚይዘው ልጅ ነው፤ በደጋ የታዘዘ መድኃኒት በቆላ ሲዋጥ፣ አንዱ ሐኪም ባዘዘው ላይ ሌላው ሳያውቅ ሲጨምርበት፣ ወይም ‹‹ደኅና ሆኛለሁ›› ተብሎ ሲቋረጥ፣ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአንጎል ላይ ነውና።

አንጎል ከመላው አካል ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ልብ ከምትረጨው ደም ግን 15 በመቶ ያህሉ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ይህንንም ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ከጸጉር እስኪቀጥኑ ድረስ እየተከፋፈሉ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ናቸው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ይደነድናል፣ ውስጣቸውም ይጠባል። ከዚህ በኋላ ወይ አንደኛው በድንገት ተደፍኖ ወይም ፈንድቶ ስትሮክ የምንለውን ደዌ ያስከትላል፣ ወይም ደግሞ ሕመም ሳይሰማ፣ ትኩሳት ሳይታይ፣ የማስታወስና የመራመድ ኃይል ጥቂት በጥቂት ይደክምና ቤተ ሰቡ ‹‹እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል›› ብሎ ዝም ይላል። ‹‹ሰማንያ ዓመት ላለፈው ሰው ከእንግዲህ ክኒን ምን ይፈይዳል?›› የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ ሃይቬት የተባለው ምርምር ነው፤ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3,845 የግፊት ሕሙማን ተከፍለው እኩሌቶቹ መድኃኒት፣ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ዘንድ በማናቸውም ምክንያት የሚደርሰው ሞት በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የተባለው ጥናትም ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር መለስተኛውን የማስታወስ መድከም በ19 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ክኒን እንደ ተራ ነገር አትዩት፤ አእምሮን የሚጠብቅ ዘብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰው ይመረጥ። ወንድም በሆቴል ሥራ፣ እኅት በኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ ምራት በቤት በሆኑበት ኑሮ መድኃኒቱን ሁሉም ሲሰጡት፣ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይዋጣል፣ አንድ ቀን ጨርሶ ይዘነጋል። የተመረጠው ልጅ አንድ ደብተር ይግዛ፤ ከዚያም ወላጁን አስፈቅዶ በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ያውጣ። ‹‹ሁሉ›› ስንል የዓይን ጠብታውን፣ ለወገብ የሚቀባውን፣ ጎረቤት ያካፈለውን፣ የሽፈራው ዱቄቱንና የነጭ ሽንኩርት እንክብሉን ጭምር ነው፤ ለግላኮማ የሚጨመረው ቲሞሎል የተባለው የዓይን ጠብታ ስንኳ ወደ ደም ገብቶ የልብን ምት ሊያዘገይ ይችላልና። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካው የንግድ ስም ሳይሆን በካርቶኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የሚገኘው የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ አጠገቡም መጠኑ በሚሊግራም፣ የሚወሰድበት ጊዜ፣ የታዘዘበት ሕመምና ያዘዘው ሐኪም ይመዝገቡ። ይህን ስታደርጉ ከአዲስ አበባ የመጣው ‹‹አምሎዲፒን›› እና ከጁባ የተገዛው ‹‹ኖርቫስክ›› አንድ መድኃኒት ሆነው፣ እናታችሁም እጥፍ አድርገው ሲወስዱት መቆየታቸውን ልታገኙ ትችላላችሁ። እግራቸው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያበጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያን እብጠት ለማጉደል ደግሞ የሚያሸና መድኃኒት ተጨምሮላቸው ይሆናል። አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ጉዳት በሌላ መድኃኒት ለማከም መሞከር በአረጋውያን ዘንድ እጅግ የተለመደ ነውና፣ አዲስ ሕመም በታየ ቁጥር ‹‹ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ተጨመረ?›› ብላችሁ ደብተሩን ተመልከቱ።

የሰዓቱ ነገር ቀላል መስሎ ያሳስታል። ደቡብ ሱዳን ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች ጁባ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች፤ በዚህም ላይ የጁባው ባለ መድኃኒት ‹‹8›› ብሎ ቢጽፍ ጧት ማለቱ ሲሆን አባታችሁ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት አድርገው ያነቡታል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ‹‹ከቁርስ በኋላ››፣ ‹‹ከመኝታ በፊት›› እያላችሁ በጉልህ የአማርኛ ፊደል ጻፉላቸው፤ የሰባቱ ዕለታት ስም ያለበት የክኒን ሣጥን ካገኛችሁም እሑድ እሑድ ሙሉት። የሚያሸናው ክኒን፣ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በጧት ይሁን፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሣ አረጋዊ በጨለማ ይወድቃል።

ቀጥሎ ግፊቱን መለካት ነው። በክንድ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይበልጥ ይታመናል። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፤ ወላጁ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጠላልፉ፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ ሳይናገሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ክንዳቸውም በልብ ትክክል ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ይህንም ጧትና ማታ ለሰባት ቀን አድርጉና ሁሉንም ጻፉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከቆሙ በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ እንደ ገና ይለካ። ላይኛው ቁጥር ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ቢወርድ፣ ራሳቸውን ቢያዞራቸው፣ ወይም ዓይናቸውን ጭልም ቢያደርጋቸው፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር።

ይህ ቆሞ የመለካት ነገር በጁባ የተለየ ክብደት አለው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም.ም ተማሪዎች በሙቀት ተዝለፍልፈው በመውደቃቸው እንዲሁ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ሙቀት ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ የቆዳን ሥሮች ያሰፋል፣ ላብንም ያፈሳል፤ ቦዩ ሰፍቶ ውኃው እንዳነሰበት መስኖ ሁሉ፣ ደሙ ወደ ላይኛው ማሳ፣ ማለት ወደ አንጎል፣ የሚወጣበት ኃይል ይጎድለዋል። በደጋ ሳሉ ልክ የነበረው አምሎዲፒን ሥሮችን ያሰፋል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃና ጨው ያስወጣል፤ ሁለቱም ሙቀቱ በጀመረው ሥራ ላይ ይጨመራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ውኃ ጎድሎበትም ጥሙ እንደ ወጣት አይሰማውም። ስለዚህ ወላጆቻችሁ ጁባ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በየዓመቱም ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ልኩን አዘውትሩ። የተጻፈውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ስትሄዱ መጠኑን ሊቀንስላቸው ይችላል፤ እናንተ ግን በራሳችሁ ፈቃድ አትቀንሱ፣ አታቁሙም። በተለይ አቴኖሎልና እርሱን የመሳሰሉት የልብን ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ልብን አደጋ ላይ ይጥላሉ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም ውኃ ካልከለከላቸው በቀር፣ ጥም ሳይጠብቁ በየጊዜው በብርጭቆ አቅርቡላቸው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዛቸው (ኮሌራ በ2017 ዓ.ም. በአገሪቱ ወረርሽኝ ሆኖ ታውጆ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ) የሚያሸናው ክኒን፣ የግፊቱ መድኃኒት ኢናላፕሪልና የስኳሩ ሜትፎርሚን ለጊዜው ይቆሙ እንደ ሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጠይቁ፤ ውኃ ባለቀበት አካል የፊተኞቹ ሁለቱ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ሜትፎርሚንም በደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላልና።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የጾም ነገር ነው፤ ይህንንም በፍርሃትና በአክብሮት እንናገረዋለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን የሚውለው ከየካቲት ጀምሮ ባለው ጊዜ፣ ማለት ጁባ በምትነድበት ወራት ነው፤ የረመዳን ጾምም በእነዚህ ዓመታት ከዚሁ ወቅት ጋር ገጥሟል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጾመው የኖሩ እናት በጎንደር ብርድ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ለምደው ይሆናል፤ በጁባ ግን ያው ጾም ከሚያሸናው ክኒን ጋር ሲገናኝ ደማቸውን ያወፍራል፣ ግፊታቸውን ይጥላል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስኳሩ ወርዶ ኅሊናቸውን ሊያስታቸው ይችላል። ብዙዎች ደግሞ ‹‹ክኒን ጾም ያስገድፋል›› ብለው የጧቱን መድኃኒት ዝም ብለው ይተዋሉ፣ ልጆቻቸውም አያውቁም። ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፤ ቅዱስ ቁርአንም በሱረቱል በቀራ ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ነገር ግን ይህን ከልጅ አፍ መስማት ለወላጅ ቀላል አይደለም፤ ተግሣጽም ይመስላል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ሙስሊም ከሆኑም ወደሚያከብሯቸው ሼህ ደውሉና ሕመሙንና የአገሩን ሙቀት አስረዱ፤ ፈቃዱን ከእነርሱ ከራሳቸው አንደበት ይስሙ። አንዳንዶች ሙሉ ፈቃድ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶች ምግቡን ጾመው ውኃውንና መድኃኒቱን ብቻ ይወስዳሉ፣ አንዳንዶችም መድኃኒታቸው በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰድ ይለወጥላቸዋል፤ ይህ ሁሉ በሐኪምና በንስሐ አባት መካከል የሚስማማ ነው። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም የእምነታቸውን ነገር አትንኩባቸው፤ ጠበሉን እየጠጡ ክኒናቸውን እንዲቀጥሉ ግን በፍቅር ለምኗቸው።

አሁን ወደ ቤት መግባት ስለማይገባቸው መድኃኒቶች እንናገር። በጁባ ብዙ መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል፤ ልጅም እናቱ ‹‹ጉልበቴን›› ሲሉ ሰምቶ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይገባል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጨጓራን ያደማሉ፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ክኒን ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ኩላሊትን በጥቂት ቀናት ሊያሰናክሉ ይችላሉ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ጉበታቸው ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እርሱም በቀን ከ3 ግራም አይለፍ፣ ቀጭን ለሆኑ ደካሞችም ከዚህ ያነሰ ይሁን። አፍንጫ የሚከፍተው፣ ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ግፊትን ያስነሣል። እንቅልፍ የሚያመጡት ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ዳያዜፓም የሽማግሌን ሐሳብ ያደናግራሉ፣ ሌሊት ያቃዣሉ፣ ይጥላሉም፤ የአረጋውያን ሐኪም የነበረው አሜሪካዊው ማርክ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባስጀመረው፣ በስሙም በሚጠራው የጥንቃቄ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ስፍራ አላቸው። ‹‹ጃጁ›› የተባሉ እናት እንዲህ ያለውን ክኒን ሲተዉ ልባቸው የተመለሰበት ጊዜ አለና፣ የማስታወስ ድካም ባያችሁ ጊዜ መጀመሪያ ደብተሩን መርምሩ። ዳያዜፓምን ለብዙ ጊዜ የወሰዱ ከሆነ ግን የሚተዉት በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። ለስኳር ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ካሉም በሐኪም ፊት አንሡት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት የማይስማማ መሆኑን አመልክቷል፣ ስኳርን ከልክ በላይ ጥሎ ያቆያልና።

ስለ አስፕሪንም ብዙ ሰው ተሳስቷል። ‹‹ደም ያቀጥናል›› ተብሎ ጤነኛው አረጋዊ ሁሉ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አስፕሪ የተባለው ጥናት፣ አብዛኞቹ 70 ዓመት በሞላቸው ጤነኞች ላይ ተሞክሮ፣ የደም መፍሰስን ከማብዛት በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘበትም። ቀድሞ በረጋ ደም ምክንያት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ለደረሰባቸው ግን በሐኪም ትእዛዝ ታላቅ ረድኤት ነው፤ እነዚህ በማንም ወሬ አያቋርጡት። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ካሉ ደግሞ አዲስ መድኃኒት ሁሉ፣ ተራ የሚመስለው ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ጭምር፣ ደማቸውን ከልክ በላይ ሊያቀጥነው ይችላልና ሳይጠየቅ አይሰጣቸው።

የመድኃኒቱን ማኖሪያ በተመለከተ፣ አብዛኛው ክኒን ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ይጻፍበታል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ፣ የመኪና ሣጥንና የመስኮት ደፍ ግን በጁባ ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። ክኒኑን ከማሸጊያው ሳታወጡ በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ በሆነው ስፍራ ከወለሉ አቅራቢያ አኑሩት፤ በሣምንቱ ሣጥን የሚገባውም የሰባት ቀን ብቻ ይሁን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኑር፤ መብራት ሲጠፋ በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች መካከል እርጥብ አሸዋ ሞልቶ በውስጠኛው ማኖር ይረዳል፤ በረዶ እንዳይነካው ግን ተጠንቀቁ፣ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል። ስትገዙ ፀሐይ ላይ ከተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ወይም ተቆርጦ ስሙና ማብቂያ ዘመኑ ከማይነበብ ማሸጊያ አትግዙ። ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ በጭነት መኪና የሚመጣው ዕቃ በፀሐይ ስለሚሰነብት፣ አንድ የታመነ መድኃኒት ቤት ይዛችሁ ከእርሱ ብቻ ብትገዙ ይሻላል። የአንድ ወር መጠባበቂያም ምን ጊዜም በቤት ይኑር፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በከተማይቱ ውጊያ በተነሣ ጊዜ በረራ ለቀናት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ለምን እንደምንል ያውቃል። ከአዲስ አበባ ሲመጣም ከሐኪሙ ወረቀት ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

የመጨረሻው ሥራ ለክፉ ቀን መዘጋጀት ነው፤ እርሱም ክፉው ቀን ሳይመጣ የሚሠራ ነው። የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ ሌሎቹ የግል ሆስፒታሎች የራስ ቅል ሲቲ ስካን የሚያነሣ መሣሪያቸው በሥራ ላይ መሆኑን፣ ሌሊትም ሐኪም መኖሩን፣ ዛሬ በቀን ሄዳችሁ ጠይቁ። ከጉዴሌ ወይም ከሙኑኪ ሰፈር በእኩለ ሌሊት የሚያደርስ መኪናና ባለ መኪና ስልኩ በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ፤ ስትሮክ የያዘው ሰው በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት አይጫንም።

ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከፍ ማለት ካቃተው፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም የሚሉት ካልገባ፣ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሡ። ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ጻፉ፤ የረጋ ደምን የሚያሟሟው ሕክምና ባለበት ስፍራ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም አትመለሱ፤ ትልቁን የሚቀድመው ትንሹ ሊሆን ይችላልና። የስኳር መለኪያ ካላችሁ ለኩ፤ ስኳር ሲወርድ ልክ ስትሮክን ይመስላል፣ ፈውሱም ቅርብ ነው። ትኩሳት ካለባቸውና ሐሳባቸው ከተዛባ ደግሞ በሆስፒታሉ የወባ ምርመራ ይጠየቅ፤ ደጋ ላይ የኖረ አረጋዊ ለወባ መከላከያ የለውምና በፍጥነት ወደ አንጎል ሊዘልቅበት ይችላል።

በዚያች ሰዓት የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። አስፕሪን አይሰጥ፤ ሥሩ የተደፈነ ይሁን የፈነዳ በምስል ሳይታይ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ለፈነዳው አስፕሪን እሳት ላይ ዘይት ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ብታዩት ከምላስ ሥር ኒፌዲፒን አታድርጉ፤ በድንገት የወረደ ግፊት የቀረውን ጤነኛ የአንጎል ክፍል ያስርበዋል። ውኃም፣ ወተትም፣ ጠበልም በአፋቸው አታፍስሱ፣ ጉሮሯቸው ሰንፎ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፤ ጠበሉን በግንባራቸው ላይ ርጩት። ካስታወኩ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በጎናቸው አስተኟቸው፤ ደብተሩን ያዙና ሂዱ።

ከተረፉ በኋላ የሚወስዱት መድኃኒት ከቀድሞው የተለየ ሊሆን ይችላልና አሮጌውን ዝርዝር በመስመር ሰርዛችሁ በአዲስ ገጽ ጀምሩ። ክኒን መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ከመፍጨታችሁ በፊት ባለ መድኃኒቱን ጠይቁ፤ ቀስ በቀስ እንዲሟሙ የተሠሩት ከተፈጩ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የሰነፈው እጅና እግር ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በባለሙያ ምክር ይንቀሳቀስ፤ በአማርኛም አጫውቷቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አስቆጥሯቸው፤ የጠፋ ቃል በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበልጥ ይመለሳል።